ማስረጃው አዲስ አልነበረም

ደመራ ዕለት ነበር፤ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.። እኛ አገር ችቦ እየታሰረ፣ አደባባይ እየተጠረገ ነው። በዚያው ቀን ጃፓን ውስጥ፣ ሺዙኦካ ከተማ፣ አንዲት የ91 ዓመት አዛውንት ችሎት ተቀምጠው የዳኛውን አፍ ይጠብቃሉ። ስማቸው ሂዴኮ ሃካማዳ ነው። የመጡት ስለ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ወንድማቸው ኢዋዎ 88 ዓመታቸው ሲሆን፣ አእምሯቸው ስለተጎዳ ችሎት መቅረብ አይችሉም። ከ30 ዓመታቸው ጀምሮ «ነፍሰ ገዳይ» የሚለው ቃል ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ኖሯል።

የመሐል ዳኛው ውሳኔውን ማንበብ ሲጀምሩ ተከሳሹ ነጻ ናቸው አሉ። ሂዴኮ ያ ድምፅ ከሰማይ የመጣ ያህል እንደተሰማቸው፣ ለአንድ ሰዓት ያህልም እንባቸው አልቆም እንዳላቸው ኋላ ተናግረዋል።

ዜናው በዓለም ዙሪያ ሲወራ አብዛኛው ሰው የያዘው ይህን ነው፦ «ሞት የተፈረደባቸው ሰው በአዲስ ማስረጃ ነጻ ወጡ።» እኔም መጀመሪያ የገባኝ እንደዚያ ነበር። ከመሬት የተቆፈረ ነገር፣ ድንገት ብቅ ያለ ምስክር፣ ወይም የዲኤንኤ ተአምር መሰለኝ። የጉዳዩን ታሪክ ሳነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሚዛኑን የገለበጠው ማስረጃ አብዛኛው አዲስ አልነበረም። ከጅምሩ በከሳሾቹ እጅ ነበር። ለአሥርት ዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። አዲስ የሆነው መደርደሪያው መከፈቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚሶ ፋብሪካው

ጁን 30 ቀን 1966 ሌሊት፣ ሺሚዙ በምትባል የወደብ ከተማ አንድ ቤት ተቃጠለ። እሳቱ ሲጠፋ የአራት ሰዎች አስከሬን ተገኘ። አባት፣ እናት፣ የ17 ዓመት ሴት ልጅና የ14 ዓመት ወንድ ልጅ። ሁሉም በስለት ተወግተዋል። አባትየው በአካባቢው የሚገኝ የሚሶ ፋብሪካ ሥራ መሪ ነበሩ። ሚሶ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ሊጥ ነው። በጨው ተለውሶ በትልቅ ገንዳ ውስጥ ለወራት ይብላላል። ስልጆ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ የሚሶው ግን በጣም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ኢዋዎ ሃካማዳ የዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ከዚያ በፊት ቦክሰኛ ነበሩ፣ ያውም ፕሮፌሽናል። በ1960 ብቻ 19 ጊዜ ሪንግ ላይ ወጥተዋል። በጃፓን ማንም በአንድ ዓመት ያን ያህል አልተጋጠመም። ቦክስ ካቆሙ በኋላ ፋብሪካው ገብተው እዚያው ማደሪያ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ፖሊስ ቶሎ ዓይኑን የጣለው እሳቸው ላይ ነው። ጉልበተኛ ናቸው፣ ቦክሰኛ ነበሩ፣ ከፋብሪካው ግቢ አይርቁም። የሚለብሱት ፒጃማ ላይ ደም ተገኝቷል ተባለ። ደሙ ግን በጣም ትንሽ ስለነበር በደንብ መርምሮ የማንነቱን መለየት አስቸጋሪ ነበር።

ኦገስት 18 ተያዙ። ከዚያ በኋላ ያለው ምርመራ ለሰው የሚነገር አይደለም። በቀን በአማካይ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴ እስከ 16 ሰዓት ይጠየቁ ነበር። ጠበቃ አጠገባቸው የለም። ሽንት ቤት መሄድ ተከልክለው እዚያው መመርመሪያ ክፍል ውስጥ የመሽኛ ዕቃ እንዲቀርብላቸው ተደርጓል። ይህን የምናውቀው ፖሊስ ራሱ ምርመራውን በቴፕ ቀርፆት ስለነበረ ነው። ከ40 ሰዓት በላይ የሚሆን ቅጂ ከ47 ዓመት በላይ ቆይቶ ከፖሊስ ጣቢያ ዕቃ ቤት ወጣ። ከጠበቃቸው ጋር ያደረጉት ምስጢራዊ ንግግር ሳይቀር ተቀርፆ ተገኘ።

ሴፕቴምበር 6 ቀን ሃካማዳ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። 20ኛ ቀናቸው ነበር። ችሎት ሲቀርቡ ቃላቸውን አነሱ፤ አላደረግኩም አሉ። መዝገቡ ውስጥ 45 የእምነት ቃሎች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ 44ቱን በግዳጅ የተገኙ ወይም ተቀባይነት የሌላቸው ናቸው ብሎ ጣላቸው። አንዱን፣ በዐቃቤ ሕግ ፊት የተሰጠውን፣ ያዘ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንድን ሰው ለሦስት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ነስቶ፣ አድክሞ፣ 44 ጊዜ ያናገረውን ውድቅ ካደረግን፣ 45ኛው በምን ተለየ? ያው ሰው፣ ያው ድካም፣ ያው ፍርሃት ነው። የተለየው ጠያቂው የለበሰው ልብስ ብቻ ነው።

በድሮ ጊዜ በኛም አገር አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ወንጀለኛው እስኪታወቅ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ይቆያል፤ ሥራም ቤትም የለም። እንዲህ ያለ ጫና ስም ማውጣቱ አይቀርም። የወጣው ስም ግን የወንጀለኛው ለመሆኑ ምን ዋስትና አለው? ድካም ስም ያወጣል፣ እውነትን ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከገንዳው የወጡት አምስት ልብሶች

ክርክሩ እየተካሄደ ሳለ፣ ኦገስት 31 ቀን 1967፣ ግድያው ከተፈጸመ ከ1 ዓመት ከ2 ወር በኋላ፣ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሚሶ ገንዳ ውስጥ ከረጢት አገኘ። ከረጢቱ ውስጥ ደም የነካቸው አምስት ልብሶች ነበሩ፤ ሱሪ፣ ሸሚዝና የውስጥ ልብሶች። ፖሊስ ፋብሪካውን ከግድያው በኋላ በቀናት ውስጥ ፈትሾት ነበር። ያኔ ምንም አላገኘም።

ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ታሪኩን ቀየረ። እስከዚያ ድረስ ገዳዩ ፒጃማ ለብሶ ነበር። አሁን አምስቱን ልብሶች ለብሶ ነበር ተባለ። ያ ፍርድ ቤቱ የተቀበለው አንድ የእምነት ቃል ግን አሁንም «ፒጃማ ለብሼ» ነው የሚለው። ማለትም ሰውየው ሲናዘዙ ያልጠቀሱትን ልብስ፣ በዚያው ኑዛዜ አስደግፎ ተፈረደባቸው። ይህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አሁንም አልዋጥልህ ይለኛል።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ፖሊስ የሃካማዳን ወላጆች ቤት ፈተሸና ከሱሪው የተቆረጠ ቁራጭ ጨርቅ አገኘሁ አለ። ሰንሰለቱ በዚህ ተገጣጠመ። ልብሱ ከገንዳ፣ ቁራጩ ከእናት ቤት።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1968 የሺዙኦካ አውራጃ ፍርድ ቤት በሞት ፈረደ። እናትና አባት ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ተከታትለው አረፉ።

በይግባኙ ክርክር ላይ ሃካማዳ ሱሪውን እንዲለብሱ ተደረገ። ከጭናቸው አላልፍ አለ። ሦስት ጊዜ ተሞከረ፣ ሦስቱንም ጊዜ እንቢ አለ። ዐቃቤ ሕግ ሱሪው ሚሶ ውስጥ ተኮማትሯል፣ ሰውየውም እስር ቤት ወፍረዋል አለ። መለያው ላይ «ቢ» የሚል ፊደል አለ፣ ይህ የሱሪውን ትልቅነት ያመለክታል ተብሎም ተከራከረ። «ቢ» የመጠን ሳይሆን የቀለም ምልክት መሆኑን የሱሪው አምራች ድርጅት ሰው ለመርማሪዎች ተናግሮ ነበር። ያ ቃል ያለበት ወረቀት ለጠበቆቹ የደረሰው ግን ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሱሪው ልክ ነው ተብሎ የሞት ፍርድ ሲጸና፣ ልክ እንዳልሆነ የሚጠቁመው ወረቀት እዚያው መንግሥት ቤት ነበር።

ይግባኙ በ1976 ወደቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 ፍርዱን አጸናው። ከዚያ ጀምሮ ሃካማዳ በየማለዳው የሚሰሙት የጠባቂ ኮቴ የመጨረሻቸው ሊሆን ይችል ነበር። ጃፓን ውስጥ በስቅላት የሚቀጣ ሰው ቀኑን አስቀድሞ አያውቅም። በዚያው ጠዋት ነው የሚነገረው። ኮቴው መጥቶ በር ላይ ካልቆመ፣ አንድ ቀን ተጨመረለት ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ብዙ ሺህ ጠዋቶች አለፉ። ቀስ በቀስ አእምሯቸው ራቀ። ከእህታቸው ጋር እንኳ አልገናኝም ያሉባቸው ዓመታት ነበሩ። ሂዴኮ ግን በየወሩ እስር ቤት ይሄዱ ነበር። አልገናኝም ሲባሉ ይመለሳሉ፣ በሚቀጥለው ወር ደግመው ይመጣሉ።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ

ስለ አንድ ሰው ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ኖሪሚቺ ኩማሞቶ በ1968 ከተሰየሙት ሦስት ዳኞች አንዱ ነበሩ። ሃካማዳ ንጹሕ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ግን በሞት ድምፅ ሰጡ። ፍርዱን የመጻፍ ተራው የኩማሞቶ ነበረና የማያምኑበትን የሞት ፍርድ በገዛ እጃቸው ጻፉ። ብዙ ሳይቆዩ ዳኝነቱን ለቀቁ። የዳኞች ምክክር ምስጢር ነውና ለዓመታት ዝም አሉ። በ2007 ዝምታውን ሰብረው ሁሉንም ተናገሩ።

በ2018 መጀመሪያ ሃካማዳና እህታቸው ፉኩኦካ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው ወደነበሩት ኩማሞቶ ሄዱ። ፈራጅና ተፈራጅ ከ50 ዓመት በኋላ ተያዩ። ኩማሞቶ መናገር እንኳ በደንብ አይችሉም ነበር። የሃካማዳን ስም ጠሩ። በ2020፣ የነጻነቱን ውሳኔ ሳያዩ፣ አረፉ።

ሰው ኩማሞቶን በሁለት ዓይን ያያቸዋል። ደፋር ነበሩ የሚል አለ፤ ለምን 39 ዓመት ዝም አሉ የሚል አለ። እኔ ሁለቱም ስሜት ይሰማኛል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። የዳኛው መናገር ብቻውን ፍርዱን አልገለበጠም። ሕጉ የሚጠይቀው የዳኛ ጸጸት ሳይሆን «አዲስና ግልጽ ማስረጃ» ነበር። እና ማስረጃው የት ነበር?

ቀዩ ደም

የመጀመሪያው የዳግም ችሎት አቤቱታ የቀረበው በ1981 ነው። በየደረጃው ሲንከባለል ቆይቶ በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጋው። 27 ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ጠበቆቹ የሚሟገቱት በእጃቸው ባለው ወረቀት ብቻ ነበር። ከሳሾቹ ቤት ምን እንዳለ አያውቁም። የጃፓን የዳግም ችሎት ሕግ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ያለውን ማስረጃ ለጠበቃ ያሳይ የሚል ግልጽ ድንጋጌ አልነበረውም። አሳይ ማለትም አለማለትም በዳኛው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

በ2008 ሂዴኮ ሁለተኛውን አቤቱታ አቀረቡ። በዚህኛው ዙር መደርደሪያው መከፈት ጀመረ። በጠቅላላው ወደ 600 የሚጠጉ ማስረጃዎች ወጡ። ከእነሱ መካከል በ2010 የተሰጡ የአምስቱ ልብሶች የቀለም ፎቶዎች ነበሩ።

ፎቶዎቹ ላይ ደሙ ቀይ ነው።

ስለ ሚሶው ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ሚሶ ቡናማ ነው፣ ጨዋማ ነው፣ ትንሽም ይጎመዝዛል። ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ሲቆይ ይበላሻል፣ ይጠቁራል። በዚያ ላይ የፕሮቲንና የስኳር መዋሃድ አለ፤ የዳቦን ቅርፊት የሚያጠይመው፣ የቡና ፍሬን ምጣድ ላይ ቡናማ የሚያደርገው ዓይነት ሂደት። ጨርቅ ከ1 ዓመት በላይ ሚሶ ውስጥ ከቆየ ነጩም ይጠይማል፣ ደሙም ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆናል። ነጭ ቀሚሷ ላይ ወጥ ፈስሶባት የሚያውቅ ሴት ይህን ለማመን ሳይንቲስት አያስፈልጋትም። ደጋፊዎቹ የሠሩት ሙከራም ቀላል ነበር። ጨርቅ ደም አስነክተው ሚሶ ውስጥ ከተቱ። ጠበቁ። አወጡ። ቀዩ የለም።

ስለዚህ ልብሱ 1 ዓመት ከ2 ወር ሚሶ ውስጥ አልቆየም። ሰውየው ደግሞ ከኦገስት 1966 ጀምሮ እስር ቤት ናቸው። ታዲያ ማን ከተተው?

የዲኤንኤ ምርመራም ተደርጓል። በማርች 27 ቀን 2014 የሺዙኦካ ፍርድ ቤት ዳግም ችሎት እንዲከፈት ሲያዝ ዲኤንኤውን አንድ ምክንያት አድርጎ ነበር። የዚያኑ ዕለት ሃካማዳ ከእስር እንዲወጡ አዘዘ፤ ከዚህ በላይ ማሰር ሊታገሡት የማይቻል ግፍ ነው በማለት። በዓለም ላይ ለረጅም ጊዜ በሞት ፍርደኝነት የቆዩ ሰው ተብለውም በጊነስ መዝገብ ሰፍረዋል። ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ። የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 የዲኤንኤውን ዘዴ አልቀበልም ብሎ ትእዛዙን ሻረ። ሰውየው ውጭ ናቸው፣ የሞት ፍርዱ ግን እንደጸና ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ዛሬ ዛሬ ዲኤንኤ ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ናሙናው አርጅቶ ከሆነ፣ ብዙ እጅ ነክቶት ከሆነ፣ ዲኤንኤም ያከራክራል። እዚህ ጉዳይ ላይ መጨረሻውን የወሰነው ማንም ሰው በዓይኑ የሚያየው ቀለም ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 መጨረሻ ጉዳዩን የመለሰው የቀለሙ ነገር በደንብ ይጣራ ብሎ ነው። ከአምስቱ ዳኞች ሁለቱ መመለሱም አያስፈልግም፣ ዳግም ችሎቱ አሁኑኑ ይከፈት ብለው ነበር። ዐቃቤ ሕጎችም የራሳቸውን ሙከራ ሠሩ፣ ዳኞቹም ራሳቸው ሄደው አዩት። ማርች 13 ቀን 2023 የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳግም ችሎቱ እንዲከፈት ወሰነ። መርማሪዎች ልብሱን ራሳቸው አስቀምጠውት ሊሆን እንደሚችልም በግልጽ ጻፈ።

ዳግም ችሎቱ ኦክቶበር 2023 ተጀመረ። ዐቃቤ ሕግ በሜይ 2024 እንደገና ሞት ጠየቀ። የ88 ዓመት ሰው ላይ! ከዚያ ያ የደመራ ዕለት መጣ። ፍርድ ቤቱ ሦስት ነገሮች የተፈበረኩ ናቸው አለ። የእምነት ቃሉ፣ አምስቱ ልብሶች፣ ከወላጆች ቤት ተገኘ የተባለው ቁራጭ ጨርቅ። ሰንሰለቱ ከዳር እስከ ዳር የተሠራ ነበር ማለት ነው።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። እውነትን ለሚጠብቅ ሰው ጥሩ ስንቅ ነው። የሃካማዳ ታሪክ ግን አንድ ነገር ያስጨምረኛል። ንጋት ማንም ሳይነካው ይመጣል። ይህ እውነት ግን በራሱ አልጠራም። አንዲት እህት ዕድሜዋን ሙሉ በር ስታንኳኳ፣ ጠበቆች ትውልድ እየተቀያየሩ ሲሟገቱ፣ የጃፓን ቦክሰኞች ማኅበር ለአንድ የድሮ ቦክሰኛ ሲሰለፍ ነው የወጣው። ከመካከላቸው ማንም ቢደክም ኖሮ፣ ወይም አንድ ቀን ማለዳ ያ ኮቴ በር ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ፎቶዎቹ እዚያው ይቀሩ ነበር።

በእርግጥ አዲስ የሚባል ማስረጃ አለ። ብሪታንያ ውስጥ ፒተር ሱሊቫን የተባሉ ሰው በ1986 ተይዘው፣ በአንዲት ሴት ግድያ ተፈርዶባቸው፣ 38 ዓመት ታስረው በሜይ 2025 ተለቀዋል። ተጠብቆ የቆየ ናሙና ነበር፣ ያንን ለመመርመር የሚያስችል ዘዴ ግን በቅርብ ነው የመጣው። እዚያ ላይ ሳይንሱ በእውነት ዘግይቷል። ናሙናውን አለመጣል ብቻ ሰውን አዳነ።

የቴክሳሱ ማይክል ሞርተን ግን የሃካማዳ የዕጣ ወንድም ነው። በ1987 ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ትንሹ ልጁ ግድያውን አይቶ፣ ያደረገው አባቴ አይደለም ብሎ ለአያቱ ተናግሮ ነበር። ይህ በመርማሪዎች መዝገብ ውስጥ ተጽፏል። ጠበቆቹ ግን አላዩትም። ከቤቱ አጠገብ የተገኘ ደም የነካው መሐረብ ነበር። ይመርመርልን ሲሉ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ለዓመታት ተከራከረ። በ2011 ሲመረመር የሌላ ሰው ዲኤንኤ ወጣ። ያ ሰው ሞርተን እስር ቤት በነበረ ጊዜ ሌላ ሴት ገድሎ ነበር። ንጹሕ ሰው ሲታሰር ገዳዩ ውጭ ነው። የሺሚዙውን ቤተሰብ የፈጀው ማን እንደሆነም እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የአራቱ ሟቾች ደም መልስ አላገኘም።

ቴክሳስ ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ማስረጃውን የደበቀው ዐቃቤ ሕግ፣ በኋላ ዳኛ ሆኖ ነበር፣ ሥራውን ለቅቆ 10 ቀን እስራት ተፈረደበት። ቅጣቱ ኢምንት ነው። ግን የሆነ ነገር ነው። ሁለተኛው ይበልጣል፤ በ2013 በሞርተን ስም ሕግ ወጣ። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ለተከላካይ እንዲከፍት ያስገድዳል። ጃፓን ውስጥ ማስረጃ ፈጠሩ ከተባሉት መርማሪዎች መካከል ለፍርድ የቀረበ የለም።

እዚህ ላይ የኛን ሕገ መንግሥት ገልጬ አየሁት። አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። አንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ያደርጋል። ጥሩ ቃሎች ናቸው። የጃፓንም ሕገ መንግሥት በግዳጅ የተገኘ ኑዛዜን ይከለክላል፤ ሃካማዳ የተመረመሩት ያ አንቀጽ በሥራ ላይ እያለ ነው። የያዘኝ ግን የዚያው የኛ አንቀጽ 20 ሌላ ንዑስ አንቀጽ ነው። ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት አለው ይላል። የቀረበበትን። ያልቀረበበትስ? ፖሊስ አግኝቶ፣ ለክሱ ስለማይመች ወደ ጎን ያደረገውስ? ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ ተከሳሹን የሚጠቅም ነገር ካለ፣ ጠበቃው መኖሩን በምን ያውቃል? የሃካማዳ ፎቶዎች እኮ «የቀረበበት» ማስረጃ አልነበሩም። ሞት ያለበት ሕግ ባለው አገር ይህ የጠበቆች ብቻ ጥያቄ አይደለም።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ሁሉንም መዝገብ ከከፈትነው ወንጀለኛ ሁሉ ቀዳዳ ፈልጎ ያመልጣል» ይላል። ስጋቱ ይገባኛል። የተገደለበት ሰው ፍርድ ይፈልጋል፣ ሊፈልግም ይገባል። ግን አስቡት። መዝገቡ ሲከፈት የሚፈርስ ክስ፣ መጀመሪያውኑ የቆመው መዝገቡ ስለተዘጋ ነበር ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ ከተከሰሰ ሰው ከ99 በመቶ በላይ ጥፋተኛ ይባላል። ዐቃቤ ሕግ የሚያረታውን ብቻ ስለሚከስ ነው የሚል ማብራሪያ አለ፣ እውነትነትም አለው። ያ ቁጥር ግን ዳኛን ያባብላል። ሁልጊዜ ልክ የሆነ ከሳሽ ሲናገር ሱሪው ባይገባም የሚገባ ይመስላል።

ከፍርዱ በኋላ

ኦክቶበር 8 ቀን 2024 የጃፓን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ እንደማይሉ አስታወቁ። በዚያው መግለጫ ፍርዱን እንደማይቀበሉት፣ ልብሱ ተፈብርኳል መባሉም እንደማያሳምናቸው ተናገሩ። ሃካማዳ ለረጅም ጊዜ ባልለየለት ሁኔታ መቆየታቸው ግን ያሳዝናል አሉ። በዚያው ወር የሺዙኦካ ፖሊስ አዛዥ ቤታቸው ድረስ ሄደው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ሂዴኮ አሁን ፖሊስን የምወቅስበት ነገር የለም፣ ዕጣችን ነው ብለው ተቀበሏቸው። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ ብዬ አላስብም።

በማርች 2025 ካሳ ተወሰነ፤ 217,362,500 የን። ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛው፣ በቀን 12,500 የን፣ ታስረው ለቆዩባቸው 47 ዓመት ከ7 ወር። በዶላር ወደ 1.4 ሚሊዮን ይሆናል። ብዙ ገንዘብ ይመስላል። ወደ 17,389 ቀናት ስታካፍሉት ግን በቀን ከ100 ዶላር በታች ነው።

ሃካማዳ ከእስር ከወጡ በኋላ እህታቸው ጋር ሃማማትሱ ከተማ ገቡ። ሂዴኮ ቤቱን ያዘጋጁት ወንድሜ አንድ ቀን ይመጣል ብለው ነው። ሰውየው መጀመሪያ ላይ ከቤት አይወጡም ነበር። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ፣ ጠባቡ ክፍል ውስጥ ሲያደርጉት እንደኖሩት። በኋላ እግራቸው ወደ ውጭ ወጣ። በየቀኑ ለሰዓታት ከተማውን ይዞሩ ነበር፣ ደጋፊዎች ከኋላ ይከተሏቸው ነበር።

ጁላይ 2025 ላይ ሌላ ችሎት ፉኩዪ ግዛት ውስጥ በ1986 ለተፈጸመ ግድያ የተፈረደበትን ሰው በዳግም ችሎት ነጻ አለ። በዚያም ጉዳይ ምስክሩ ያንን ሰው ደም ነክቶት አየሁ ያለው በአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ አንድ ትዕይንት ባየበት ሌሊት ነበር። ትዕይንቱ ግን በዚያ ሌሊት አልተላለፈም። ዐቃቤ ሕግ ይህን ያውቅ ነበር። ወረቀቱ መደርደሪያው ላይ ነበር።

ሂዴኮ አሁን ከ90 ዓመት በላይ ናቸው። የወንድማቸው ጉዳይ ካለቀም በኋላ መድረክ ላይ እየወጡ የዳግም ችሎቱ ሕግ ይቀየር ይላሉ። ኢዋዎ ወጥተዋል፣ የሚሟገቱት በሩ ላልተከፈተላቸው ነው።